የቤይጂንጉ ባይዩን ጓን፦ ስለ ጉብኝቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር የሆነው ቦታ ላይ «ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል።

ባይዩን ጓን ምንድን ነው?

«ባይዩን» ነጭ ደመና ማለት ነው። «ጓን» ደግሞ በመነሻው ማየት፣ ማስተዋል ማለት ሲሆን የጥንታዊው የቻይና ሃይማኖት የዳዎይዝም (ታኦይዝም የሚሉትም አሉ) ገዳማት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ቦታው በቤይጂንግ ሺቸንግ ክፍለ ከተማ፣ ከድሮው የከተማ ቅጥር በስተ ምዕራብ ይገኛል። ዳዎይዝም ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሥርዓቶች አሉ። የጀንግዪ ሥርዓት ካህናት ማግባትና ቤታቸው መኖር ይችላሉ። የቹዋንጀን ሥርዓት ሰዎች ግን በገዳም የሚኖሩ፣ የማያገቡና ሥጋ የማይበሉ መነኮሳት ናቸው። ባይዩን ጓን የቹዋንጀን ገዳም ነው፤ በተለይም የሎንግመን ቅርንጫፍ እንደ እናት ቤቱ ያየዋል። በ1957 የተቋቋመው የቻይና ዳዎይስት ማኅበር መቀመጫም እዚሁ ነው።

ከቡድሂስት ገዳም ለመለየት ሰዎቹን ማየት ይበቃል። የቡድሂስት መነኩሴ ራሱን ይላጫል። የዳዎው ግን ፀጉሩን አሳድጎ አናቱ ላይ ይጠቀልልና እንዳይፈታ መካከሉን በእንጨት ወስፌ ይወጋዋል። ልብሱም እጅጌው የሰፋ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነው።

ሕንፃዎቹ የስንት ዓመት ናቸው?

ቦታውና ሕንፃው ዕድሜያቸው ይለያያል። ቦታው ላይ መጀመሪያ ገዳም የተሠራው በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የዳዎይዝም አባት የሚባለውን የላኦዙን ሐውልት ለማኖር ነው። ስሙም ያኔ ቲያንቻንግ ጓን ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1160 እና በ1202 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። «ባይዩን ጓን» የሚለውን ስም ያገኘው በሚንግ ዘመን፣ በ1443 ነው። ዛሬ የሚታየው አሠራር በብዛት የሚንግና የቺንግ ዘመን ሥራ ሲሆን የ1706ቱ ትልቅ እድሳት መልኩን ወስኖታል። በኋላም ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በ1984 ለሕዝብ ተከፍቷል። ስለዚህ «1,200 ዓመት የሞላው እንጨት» የሚል አስጎብኚ ካጋጠመዎት ስለ ቦታው እንጂ ስለ ምሰሶው እየተናገረ አይደለም።

ከጄንጊስ ካን ጋር የሚያያዘው በምንድን ነው?

በቺዩ ቹጂ ነው። ይህን ታሪክ ሳያውቁ መግባት ገዳሙን በግማሹ እንደማየት ነው።

ቺዩ ቹጂ (1148–1227) የቹዋንጀን ሥርዓት መሥራች የዋንግ ቾንግያንግ ደቀ መዝሙር ነበር። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ጄንጊስ ካን አስጠራው፤ ዘላለም የሚያኖር መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ተወርቶለት ነበርና። ሽማግሌው 18 ደቀ መዛሙርት ይዞ በ1220 ከሻንዶንግ ተነሣ። ሞንጎልያንና መካከለኛው እስያን አቋርጦ በ1222 ዛሬ አፍጋኒስታን በምንለው አገር ተራሮች ከካኑ ሰፈር ደረሰ። ካኑ መድኃኒቱን ሲጠይቀው ሕይወትን የመጠበቂያ መንገድ እንጂ ያለመሞት መድኃኒት የለም ብሎ በግልጽ መለሰለት። ካኑ አልተቆጣም፤ አክብሮ ሸኘው፣ ተከታዮቹንም ከግብር ነፃ አደረገ። ቺዩ ቹጂ በ1224 ቤይጂንግ ገብቶ በዚህ ገዳም ተቀመጠ፤ ያረፈውም በ1227፣ ጄንጊስ ካን በሞተበት ዓመት ነው። ደቀ መዝሙሩ ዪን ጂፒንግ ከገዳሙ በስተ ምሥራቅ አዳራሽ ሠርቶ ቀበረው። ዋናው ገዳም በኋላ ሲፈርስ የመቃብሩ አዳራሽ ተርፎ እያደገ ሄደና የዛሬው ባይዩን ጓን ሆነ።

መቃብሩ ዛሬም ከመካከለኛው መሥመር በስተ ኋላ በኩል ባለው በቺዩዙ አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያ ሲገቡ መሐል ላይ ከትልቅ የዛፍ ጉጥ የተፈለፈለ ግዙፍ ገበታ ያያሉ። ከቺንግ ነገሥታት የተሰጠ ነው። መነኮሳቱ የሚበሉት ሲያጡ ገበታውን ተሸክመው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቢቀርቡ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም ነበር ይባላል። የቺዩ ቹጂ አፅም ያረፈው ከገበታው ሥር ነው። ብዙ ጎብኚ «የእንጨት ሳፋ» ብሎ ፎቶ ሊያነሳው ሲጣደፍ ይታያል፤ መቃብር ላይ እንደቆሙ አስበው ትንሽ ዝም ቢሉ ጥሩ ነው።

እንዴት ነው የሚደረሰው?

በሜትሮ መሥመር 1 ሙሺዲ ጣቢያ ይውረዱ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደሄዱ ግዙፉን የካፒታል ሙዚየም ያገኛሉ። ከሙዚየሙ ጎን ወደ ደቡብ የሚወርደው ጎዳና ባይዩን መንገድ ይባላል። በእሱ ቁልቁል ሄደው የውኃውን ቦይ ከተሻገሩ በኋላ ወደ ግራ፣ ወደ ባይዩንጓን ጎዳና ይታጠፋሉ። ከጣቢያው ሲቆጠር የ15 ወይም የ20 ደቂቃ እግር መንገድ ነው።

የአገራችን ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጓንግጆ ሲደርስ የሚያርፍበት አውሮፕላን ማረፊያ ስሙ ባይዩን ነው፤ ከተማው ውስጥም የባይዩን ተራራ አለ። ሻንጋይና ላንጆ ውስጥ ደግሞ ባይዩን ጓን የሚባሉ ሌሎች ገዳማት አሉ። በካርታ ላይ «ባይዩን» ብቻ ብለው ቢፈልጉ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ቦታ ሊያወጣልዎት ይችላል። «ቤይጂንግ» የሚለውን ይጨምሩ፤ አድራሻው በሺቸንግ ክፍለ ከተማ፣ ባይዩንጓን ጎዳና፣ ቁጥር 9 ነው። ለታክሲ ሹፌር በአፍ ከመንገር በቻይንኛ የተጻፈውን ስልክ ላይ ማሳየት ይሻላል፤ ድምፁ ትንሽ ከተዛባ ቃሉ ሌላ ይሆናል። የጉግል ካርታና መተርጎሚያ ቻይና ውስጥ በተለመደው መስመር ስለማይከፈቱ ጋኦደ የሚባለውን የካርታ መተግበሪያ ከመነሳትዎ በፊት ያውርዱ።

መግቢያው ስንት ነው? ምን ያህል ጊዜ ይበቃል?

የመግቢያ ቲኬቱ ለዓመታት 10 ዩዋን ሆኖ የቆየ ነው። በስልክ መክፈያዎቹ በአሊፔይ ወይም በዊቻት ላይ የቪዛ ካርድ አስቀድመው ያስገቡ፤ ትንሽ ጥሬ ገንዘብና ፓስፖርትም ይያዙ። ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይዘጋል፤ ስለዚህ ጠዋት መድረስ ነው የሚበጀው። በሩጫ 40 ደቂቃ፣ በወጉ ለማየት 2 ሰዓት ይፈጃል። ከሁሉ የሚሻለው የሥራ ቀን ጠዋት ነው።

ከየት ጀምሬ ወዴት ልሂድ?

ገዳሙ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ሦስት መሥመሮች አሉት፦ መካከለኛ፣ ምሥራቅ እና ምዕራብ። መካከለኛውን እስከ መጨረሻው ይሂዱና በምዕራቡ ይመለሱ፤ ጊዜ ከተረፈ ምሥራቁን ይጨምሩ።

በመካከለኛው መሥመር ከበሩና ከድልድዩ ቀጥሎ መጀመሪያ የሚገኘው በር ጠባቂው ሊንግጓን ነው። ቀጥሎ የዩሁዋንግ ማለትም የሰማይ ንጉሥ አዳራሽ፣ ከዚያ መነኮሳቱ ጠዋትና ማታ ጸሎት የሚያደርሱበት ላኦሉ ታንግ፣ ከዚያ ከላይ ያነሳነው የቺዩዙ አዳራሽ ይመጣሉ። ዳርቻው ላይ በ1428 የተሠራው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አለ። የላይኛው ፎቅ የዳዎይዝም ታላላቅ አማልክት የሆኑት የሳንቺንግ፣ የሦስቱ ንጹሓን ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ላኦዙ ነው። ከእሱ ኋላ ዛፍና ድንጋይ የሞላበት ትንሽ የአትክልት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል። መሐሉ ላይ ያለው መድረክ መነኮሳት ሥርዓተ ምንኩስና የሚቀበሉበት ነው፤ ዋንግ ቻንግዩወ የተባለው አለቃ በ1656 በአደባባይ ማመንኮስ የጀመረው በዚህ ገዳም ነበር።

የምዕራቡ መሥመር ለምእመናን ኑሮ የቀረበ ነው። ልጅ የሚለምኑ፣ ፈተና ያለባቸው፣ የታመሙ እዚያ ይበዛሉ። «ተ» የሚባል የነሐስ እንስሳም አለ፤ በቅሎ፣ አህያ፣ ፈረስና በሬ ተቀላቅለውበታል። ጉልበቱን ያመመው የእንስሳውን ጉልበት፣ ወገቡን ያመመው ወገቡን ይደባብሳል። ነሐሱ በመነካት ብዛት የት የት እንደነጣ ቢያዩ ሰው ምኑን ሲያመው እንደኖረ ይነግርዎታል።

ሰዎች በሩ ላይ ተሰልፈው የሚነኩት ምንድን ነው?

የድንጋይ ጦጣ ነው። ዋናው በር ሦስት ቅስቶች አሉት። የመካከለኛው ቅስት ዙሪያውን በደመናና በአበባ ቅርጽ ተቀርጿል። ሲገቡ በቀኝ በኩል፣ ከቅርጹ መሐል፣ መዳፍ የምታህል ጦጣ አለች። የፊቷ ቅርጽ በእጅ ብዛት ስለጠፋ ፈልገው አያገኟትም፤ የጠቆረውንና እንደ ዘይት የሚያብረቀርቀውን ቦታ ይፈልጉ። እሷ ነች። ቤይጂንጎች መለኮታዊው ሰው ዱካ ሳይተው ሄደ፣ በገዳሙ የቀረችው ጦጣይቱ ብቻ ነች ይላሉ፤ የነካት በረከት ያገኛል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጦጣዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለተኛዋ ከዚያው በር በስተ ምዕራብ ባለው ገደድ ብሎ በተሠራ ግንብ እግር ላይ፣ ሦስተኛዋ በምሥራቁ መሥመር በነጎድጓድ ጌታ አዳራሽ ፊት ካለው የድንጋይ ጽላት ሥር ናቸው። «ሦስቱ ጦጣዎች አይተያዩም» የሚለው አነጋገር የመጣው ከአንዷ ዘንድ ቆሞ ሌላዋን ማየት ስለማይቻል ነው። ከልጆች ጋር ከሄዱ ፍለጋውን ለእነሱ ይተዉላቸው።

ውኃ የሌለው ድልድይ ለምን ተሠራ?

ስሙ ዎፈንግ ነው፤ ነፋስ ማገቻ እንደማለት። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በአቅራቢያው «የምዕራብ ነፋስ» የሚባል የቡድሂስቶች ቤት ነበር፤ ነፋስ ደመናን ይበትናልና የ«ነጭ ደመና» ሰዎች ነፋሱን የሚያግት ድልድይ ሠሩ። ከድልድዩ ሥር መሐሉ የተበሳ ትልቅ የሳንቲም ቅርጽ ተሰቅሏል፤ በቀዳዳውም ደወል አለ። ሰው ከላይ ሳንቲም እየወረወረ ደወሉን ሊመታ ይሞክራል፤ ያስጮኸው ዓመቱ ይቀናዋል። የሚወረወረው እዚያው በገንዘብ የሚመነዘር የመዳብ ሳንቲም ነው።

ክርስቲያን ነኝ (ሙስሊም ነኝ)፤ ገብቼ ባልሰግድ ቅር ይላቸዋል?

አይላቸውም። ማንም እንዲሰግድ ወይም ዕጣን እንዲያጤስ አይጠየቅም። ከምስሎቹ ፊት ያለው የጉልበት ትራስ ለሚሰግዱት ነው፤ ላለመስገድ ከፈለጉ ከትራሱ ጎን ይቁሙ እንጂ በትራሱና በምስሉ መካከል አይለፉ።

ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ልማድ ለመጣ ሰው ሁለት ነገር እንግዳ ይሆንበታል። አንደኛ፣ ጫማ አይወለቅም። የሚከበረው የበሩ ደፍ ነው፤ ከፍ ያለ እንጨት ነውና ተሻግረውት ያልፋሉ እንጂ አይረግጡትም። ሁለተኛው ግራ እጅ ነው። እኛ ዘንድ በግራ እጅ መስጠት ነውር ነው፤ እዚህ ግን ግራ የያንግ፣ የሕይወትና የብርሃን ወገን ስለሆነ የሚቀድመው እሱ ነው። ሰላምታም የሚሰጠው ቀኝ እጅን በግራ ሸፍኖ ደረት ፊት በማንሳት ነው። ሁለት መዳፍ አጋጥሞ እጅ መንሳት የቡድሂስቶች ነው፤ ባይቀየሙበትም ቦታውን እንደተሳሳቱ ያስተውላሉ።

ዕጣን ማጤስ ብፈልግ እንዴት ነው?

ሦስት እንጨት ይበቃል፤ ሦስቱ የዳዎ፣ የመጽሐፉና የመምህሩ ናቸው። ረጅምና ውድ የሆነው ከአጭሩ አይበልጥም፤ ሻጭ ቢጎተጉትዎትም ይለፉት። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦

1. ከአዳራሹ ውጭ፣ ከግቢው ማቀጣጠያ ላይ ሦስቱን አንድ ላይ ያያይዙ። አዳራሽ ውስጥ እሳት ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ቤቱ ሁሉ የደረቀ እንጨት ነው።
2. ነበልባሉን በእጅ አርገብግበው ያጥፉ። በአፍ እፍ አይባልም፤ የአፍ ትንፋሽ ለመሥዋዕት ንጹሕ አይደለም ይላሉ።
3. ግራውን እጅ ከላይ አድርገው በሁለት እጅ ይያዙ። ወደ አዳራሹ ዞረው እስከ ግንባር ያንሱና ሦስት ጊዜ ጎንበስ ይበሉ።
4. በግራ እጅ አንድ በአንድ አመዱ ውስጥ ይትከሉ፤ መጀመሪያ መሐለኛውን፣ ከዚያ ግራና ቀኙን። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ ቀጥ ብለውም ይቁሙ።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው። በበዓል ሰሞን ሰው ሙሉ እሽግ ለኩሶ በሕዝብ መካከል ሲጎነበስ ፍሙ የፊተኛውን ሰው ጃኬት ይበሳል። ዕጣኑን ከራስ በላይ ቀጥ አድርገው ይዘው ሰው በሳሳበት ይቁሙ። ናይለን ጃኬት ለብሰው የሄዱም ራቅ ይበሉ።

መነኮሳቱን ማነጋገር ይቻላል? ምን ብዬ ልጥራቸው?

«ዳዎጃንግ» ይበሉ፤ ለወንዱም ለሴቷም ይሆናል። ሦስት ጊዜ ግን መነኩሴ ለማንም ከተቀመጠበት አይነሣም፦ ሲጸልይ፣ ሲበላ እና በተመስጦ ሲቀመጥ። በእነዚህ ጊዜያት ሰላም ካላሏቸው መልካም ነው፤ ዝም ቢሉዎትም ንቀት አይደለም። ዕድሜ ደግሞ ፈጽሞ አይጠየቅም። እኛ ሽማግሌን «ስንት ዓመትዎ ነው አባቴ?» ማለት አክብሮት ይመስለናል፤ ዳዎይስቶች ግን ስለ ዕድሜ አያወሩም።

ከበሩ ውጭ መንገድ ላይ እጅ እያነበቡ ወይም ክታብ እየሸጡ ሰው የሚጎትቱትን የገዳሙ ሰዎች አድርገው አይቁጠሯቸው።

ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?

ግቢውን አዎ፤ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን ምስሎች አይፈቀድም። መነኩሴን ሳያስፈቅዱ አያንሱ።

የልደት ዓመቴን ጠባቂ የማገኝበት አዳራሽ የትኛው ነው?

ዩወንቸን አዳራሽ ይባላል፤ በምዕራብ በኩል ነው። መሐል ላይ የሰባቱ ከዋክብት እናት የምትባለው ዶውሙ ተቀምጣለች፤ በዙሪያዋ ቻይናውያን ዓመት የሚቆጥሩበት የ60 ዓመት ዑደት 60 አለቆች፣ ለየዓመቱ አንድ ጠባቂ፣ ተደርድረዋል። አንዱ ጢሙን ይዞ፣ ሌላው ሰይፍ መዝዞ፣ ሌላው መጽሐፍ ጨብጦ ይታያል። ቻይናዊ ሁሉ የራሱን ፈልጎ ፊቱ ይቆማል።

ተራ ቁጥርዎን ለማግኘት የተወለዱበትን ዓመት መጀመሪያ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይለውጡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ይደመራል። የተገኘው ዓመት 1984 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ 1983 ይቀንሱለት፤ ከ1924 እስከ 1983 ከሆነ 1923 ይቀንሱ። ምሳሌ፦ ጥቅምት 1983 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዓመቱ 1990 ነው፤ 1983 ሲቀነስ 7 ይቀራል፤ ሰባተኛው አለቃ የእሱ ነው።

ወጥመዱ ጥርና የካቲት ላይ ነው። የቻይና አዲስ ዓመት የሚውለው በእኛ አቆጣጠር በጥር 13 እና በየካቲት 13 መካከል ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ባለፈው ዓመት ውስጥ ይቆጠራል። ጥር 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የተወለደችው በአውሮፓውያን ጥር 28 ቀን 1991 ነው፤ የዚያ ዓመት የቻይና አዲስ ዓመት ግን የገባው በእኛ የካቲት 8፣ በአውሮፓውያን የካቲት 15 ነበር። ስለዚህ እሷም የ1990 ሰው ነች፤ ሰባተኛው አለቃ ጋ ትቆማለች። ከላይ ያለው ስሌት 8 ቢያወጣላት አትደነቅ።

በበዓል ቀን ብሄድ ይሻላል?

ሕዝብ ለማየት ከሆነ አዎ፤ ቤቱን ለማየት ከሆነ አይሻልም። ትልቁ ግርግር የቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን ነው፤ ጦጣዋን ለመንካት ብቻ ረጅም ሰልፍ ይቆማል። የገዳሙ የራሱ በዓል በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር 19ኛ ቀን ላይ የሚውለው የቺዩ ቹጂ ልደት ነው። በዋዜማው ምሽት ቺዩ ቹጂ ባለሥልጣን ወይም ለማኝ መስሎ በሕዝቡ መሐል ያልፋል ብለው ያምናሉ፤ ድሮ ሰው ሊያገኘው ሌሊቱን ያድር ነበር። የላኦዙ ልደት በሁለተኛው ወር በ15 ነው። ከዚህ ሌላ በየጨረቃ ወሩ በ1 እና በ15 ምእመን ይበዛል። ጸሎቱን በዜማና በመሣሪያ ለመስማት እነዚህ ቀኖች ይመረጣሉ። በአዲስ ዓመት ሰሞን በገዳሙ የሚደረገው የገበያ ትርዒት በየዓመቱ ላይኖር ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።

በብርዱ ወራት ልሂድ? አረጋዊ ይዤስ?

የቤይጂንግ ጥር ወር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ አዳራሾቹ ውስጥም ብርዱ ከውጭ አይሻልም። ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል። ደፎቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር ግቢውን እንጂ አዳራሾቹን ማየት ይከብዳል። የወረቀት መሐረብ ይያዙ፤ መጸዳጃ ቤት ላይገኝ ይችላል።

የፆም ምግብስ?

ቻይንኛው «ሱ» ነው። ግን «ሱ» ሥጋ የለውም ማለት እንጂ እንቁላል ወይም ወተት የለውም ማለት አይደለም፤ ለይተው ይጠይቁ።

ገዳሙ ውስጥ ከሁሉ የከበረው ዕቃ የቱ ነው?

ሦስት ይጠራሉ፦ ከታንግ ዘመን ነው የሚባለው የላኦዙ የድንጋይ ሐውልት፣ በዩዋን ዘመን ጸሐፊ በጃኦ መንግፉ እጅ ጽሕፈት የተቀረጸው የዳዎ ደ ጂንግ (የላኦዙ መጽሐፍ) ድንጋይ፣ እና በሚንግ ዘመን የታተመው የዳዎይዝም መጻሕፍት ስብስብ። ስብስቡ ከተጨማሪው ጋር 5,485 ጥቅል ነው፤ ዋናው ክፍል በ1447 ከቤተ መንግሥት ለገዳሙ ተሰጠ። ሌላው ቅጂ በጦርነትና በእሳት ሲያልቅ የባይዩን ጓኑ ተረፈ። በ1923 እና በ1926 መካከል ሻንጋይ ላይ በፎቶ የታተመውም ከእሱ ነው፤ ዛሬ ዓለም የሚያነበው ዳዎይዝም ባብዛኛው በዚያ ኅትመት በኩል ያለፈ ነው። መጻሕፍቱ አሁን በቻይና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ ገዳሙ ውስጥ አይፈልጓቸው። የተቀመጡበትን ሕንፃ ግን ያገኙታል፤ በመካከለኛው መሥመር ዳርቻ ያለው ባለ ሁለት ፎቁ ነው።